ቀለም ሲሮጥ

ቀይ ሸሚዝ ገዝቼ አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ምልክት ሳነብ፣ ቀለሙ ሊሮጥ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ እንግሊዝኛ አገኘሁ። «ረን» ይላል። «ረን» መሮጥ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ግን እኛ ዘንድ ቀለም ይለቃል እንጂ መች ይሮጣል?

መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ እኩለ ሌሊት እስኪሆን አልተነሣሁም! አፍንጫ ሲፈስ «ረን»። ሞተር ሲሠራ «ረን»። አውቶቡስ በሁለት ከተማ መካከል ሲመላለስ፣ ሰው ለምርጫ ሲወዳደር፣ ባለሱቅ ሱቁን ሲያስተዳድር፣ ጋዜጣ ዜና ሲያወጣ፣ በሽታ በዘር ሲወርድ፣ ሁሉም «ረን»! እኔ ለእያንዳንዱ ሌላ ግስ ስጠራ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በዚችው በሦስት ፊደሏ ይጨርሱታል።

ከሁሉ የማረከኝ የስቶኪንጉ ነው። ስስ ስቶኪንግ ጥፍር ነካ ሲያደርገው አንዲት ክር ትበጠስና ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ይተረተራል። አሜሪካኖች ያንን መስመር «ረን» ይሉታል። እውነታቸውን እኮ ነው! አንዴ ከተነሣ ማን ያቆመዋል? እግር ባይኖረውም ይሮጣል። ቃሉን ለዚህ ያዋለው ሰው ዓይኑ እንዴት ያለ ዓይን ነው!

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ፒተር ጊሊቨር ይህንን አንድ ግስ ብቻ ሲያጠና ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ያገኘው ፍቺ 645 ነው። ስድስት መቶ አርባ አምስት! ልጅ ተፀንሶ እስኪወለድ ድረስ አንድ ቃል ላይ መቀመጥ፤ እንዲህ ላለው ትዕግሥት ባርኔጣዬን አነሣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም መሪው ሌላ አጭር ግስ ነበር፤ ማስቀመጥም የፀሐይ መግባትም የሚባልበት «ሴት»፣ በ430 ፍቺ። «ረን» ግን ከባቡሩም ከፋብሪካውም ጋር አብሮ ሮጠ፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙን ማስነሣት ራሱ «ረን» ተባለ። አዲስ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ቃሉ ቀድሞ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የኛንም «ያዘ» እንደ አዲስ እሰማዋለሁ። ታክሲ እንይዛለን፣ ጉንፋን ይይዘናል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ቂም ይያዛል። ስንት ዘመን በአፌ ሲመላለስ አንድም ቀን ቆሜ አላየሁትም ነበር።

ትናንት ሸሚዙን ለብቻው ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። መጀመሪያ ውሃው ጥርት እንዳለ ቆየ። ኋላ ከእጅጌው ጫፍ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ወጣች፤ ጠመዝመዝ አለች፣ ሰፋች፣ ከዚያም ወደ ሳፋው ጠርዝ ስትሮጥ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት።