ረጅሙ አያ ስለ ምን ይናገራል?

ቁርአን ዘመን እንደማያልፍበት ለልጆቻችን የምናስረዳበት መንገድ ወደ አንድ ጎን እያጋደለ መጥቷል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ቡካይ በ1976 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ በየዳዕዋው የምንሰማው ስለ ፅንስ፣ ስለ ተራሮችና ስለ ሰማይ አካላት ሆኗል። (ዕውቀትን ሁሉ ከቁርአን ለማውጣት የሚደረገውን ጥረት በ790 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የግራናዳው ዓሊም አሽ-ሻጢቢ ያኔውኑ ተችተውታል።) ከቁርአን አያዎች ሁሉ ረጅሙ ስለ ምን እንደሚናገር ቢጠየቅ ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን?

ስለ ብድር ነው፤ ሱረቱል በቀራህ 2፡282። የጊዜ ገደብ ያለው ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው እንዳያዳላ፣ ምስክር ሲጠራ እንዳይቀር ያዛል። እጅ በእጅ ለሚደረግ ንግድ ብቻ አለመጻፍን ይፈቅዳል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ቃሉን የሚያስጽፈው ተበዳሪው መሆኑ ነው። ገንዘብ ያለው ብርቱ ነው፤ እንደፈለገ አስጽፎ ችግረኛውን ማስፈረም ይችላል። ተበዳሪው በገዛ አንደበቱ ሲያስጽፍ ግን የሚመዘገበው እርሱ ያመነው ዕዳ ነው፤ አላህን (ሱ.ወ.) ፈርቶ ምንም እንዳያጎድልም ታዟል። ማስጻፍ ለማይችል ደግሞ ወሊዩ በፍትሕ ያስጽፍለታል።

እስቲ ወደየቤታችን እንግባ። ወንድም ከጅዳ፣ እህት ከቤሩት ገንዘብ ይልካሉ። እዚህ ያለው ቤት ይሠራል፤ ካርታው በእርሱ ስም ይወጣል። ስጦታ ይሁን ብድር ወይም ድርሻ፣ የተናገረ የለም። ወረቀት ያነሳ ሰው «አላመንከኝም ማለት ነው?» ተብሎ ይወቀሳል። እህት ከስደት ስትመለስ ነገሩ ሽማግሌ ፊት፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ የአንድ እናት ልጆች በዒድ እንኳ አይጠያየቁም። አያው መጻፍን ያዘዘው እንዲህ ካለው ጥርጣሬ ለመጠበቅ መሆኑን ራሱ ይናገራል።

«ዛሬ ገንዘብ በባንክና በስልክ ነው የሚተላለፈው፣ ደረሰኝ አለ» የሚል አይጠፋም። ደረሰኙ መጠኑንና ቀኑን ይነግረናል፤ ገንዘቡ በምን ውል እንደተሰጠና መቼ እንደሚመለስ ግን አይነግረንም።

ቀጣዩ አያ (2፡283) መተማመን ካለ የታመነው ሰው አማናውን ይመልስ ስለሚል፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች መጻፉን የተወደደ እንጂ ግዴታ አላደረጉትም። አጥ-ጠበሪን የመሳሰሉ ግዴታ ነው ብለዋል። ልዩነቱ ይከበር። የተወደደውን ነገር እንደ ነውር እንድንቆጥር የፈቀደ ዓሊም ግን አላውቅም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀናዛ ሲቀርብላቸው ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ ነበር። መክፈያ ያልተወ አንድ ሰው በቀረበ ጊዜ ሶሓቦቹ እንዲሰግዱበት ነግረው እርሳቸው ቆዩ፤ አቡ ቀታዳ ዕዳውን ሲረከቡ ነው የሰገዱበት። በእኛም ቀብር ላይ «ሟቹ ዕዳ ካለበት ለቤተሰቡ ንገሩ» ይባላል። ቤተሰቡ ግን ገልጦ የሚያየው ደብተር የለውም።