መብራት ያቃጠለውን ኮምፒውተር መመርመር

ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቃጥለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን አመጣጡ ነው። 220 ቮልት መሆን የሚገባው መስመር ሲመለስ ወዲያው አይረጋም፤ ብልጭ ድርግም ይላል፣ አንዳንዴም ከልኩ በላይ ይዘላል። ከሁሉ የከፋው የኒውትራል ሽቦ መላቀቅ ነው። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲበጠስ በአንዱ ቤት አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ጎረቤቱ ዘንድ ግን ቮልቴጁ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ካቻቪቴ ከመነሳቱ በፊት በጥያቄ ይጀምራል። ሌላ የተቃጠለ ዕቃ አለ? አምፖሎቹ ከመጥፋታቸው በፊት ከወትሮው ደምቀው ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ በቅድሚያ መታየት ያለበት የቤቱ መስመር ነው፤ እሱ ሳይስተካከል የተጠገነ ኮምፒውተር ተመልሶ ይመጣል።

ቀጥሎ ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩና ገመዱ በየተራ በቴስተር ይለካሉ። ጊዜ አይፈጅም፤ ያም ሆኖ «ሞቷል» ተብሎ የመጣ ኮምፒውተር ምንም ሳይሆን የዲቫይደሩ ማብሪያ ብቻ ተቃጥሎ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። በአሮጌ ፓወር ሳፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የተጻፈባት መቀያየሪያም ትታይ። 115 ላይ ተቀምጣ 220 ከገባባት ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን የሰካው ሰው ነው።

ፓወር ሳፕላዩ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይፈተሻል። ሶኬት ላይ እንደተሰካ፣ ሳይበራም ቢሆን፣ በሐምራዊው ሽቦ ላይ 5 ቮልት መገኘት አለበት፤ እሱ ከሌለ ሌላውን መለካት ድካም ነው። ካለ፣ በባለ 24 ቀዳዳው መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ያስነሳዋል። በቢጫው 12፣ በቀዩ 5፣ በብርቱካናማው 3.3 ቮልት ይነበባል። 5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት የተፈቀደ ነው፤ 12 ቮልቱ ከ11.4 ከወረደ ግን ቢሠራም አይታመንም። ፋኑ መዞሩም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ባዶውን ልክ የሚያሳይ ፓወር ሳፕላይ ጭነት ሲያገኝ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ሲለካ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ቢሰካበት ይሻላል። አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች የየፋብሪካቸው የተለየ መሰኪያ ስላላቸው፣ ይህ የቀለም ሥርዓት እነሱ ላይ አያገለግልም።

የፓወር ሳፕላዩን ክዳን መክፈት ሌላ ጉዳይ ነው። ከተነቀለ በኋላም በትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ክምችት ሊቆይ ይችላል። እጅ ከመግባቱ በፊት መለካት፣ ካለም በሬዚስተር ማውረድ ግዴታ ነው። ከዚያ ፊውዙ ይታያል። ክሩ ተበጥሶ መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ከጠቆረ ግን ከኋላው ሾርት ያደረገ ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር መኖሩ አይቀርም። እሱ ሳይገኝ የሚቀየር ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል፤ ፊውዙን በሽቦ መጠቅለልማ ቤት ያቃጥላል። ልምድ ያለው ባለሙያ በፊውዙ ቦታ የድሮውን ባለ ክር የ60 ዋት አምፖል ያስገባል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርቱ ተወግዷል። ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አሁንም አለ፣ አዲስ የተቃጠለ ነገር ግን የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮምፒውተሩ ሲበራ ፋኑ ግማሽ ዙር ብቻ ዞሮ ሲቆም ነው። ወዲያው ፓወር ሳፕላይ ይገዛል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፓወር ሳፕላዩ ጤነኛ ሆኖ፣ ሾርት ስላየ ራሱን አጥፍቷል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው መግዛት ሳይሆን መንቀል ነው። ገመዱ ከሶኬት እየተነቀለ ሃርድ ዲስኩ፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ የፊት ለፊት ዩኤስቢው አንድ በአንድ ይለያያሉ፤ በየመሐሉም ይሞከራል። ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኩ ሲነቀል ከተነሳ፣ በዲስኩ ሰርኪት ላይ ከፓወር መሰኪያው አጠገብ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ጥቋቁር ዳዮዶች ይፈለጋሉ፤ አንዷ ለ5 ቮልቱ፣ ሌላዋ ለ12 ቮልቱ ዘብ ናት። ቮልቴጅ ሲበዛ ራሷን ሾርት አድርጋ የቀረውን ታድናለች። ቴስተሩ በአንዷ ላይ ዜሮ ኦም ካነበበ ሥራዋን ሠርታ ሞታለች። እሷ ተነቅላ ስትወጣ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ ግን ያለ ዘብ ነው፤ ፋይሉ ይገለበጥና ዲስኩ ይሰናበታል። ከተመሳሳይ ዲስክ ሰርኪት አምጥቶ መግጠም ቀላል ቢመስልም፣ እያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ልኬት በሰርኪቱ ላይ ባለች ቺፕ ስለሚይዝ ቺፗ አብራ ካልተዛወረች በአብዛኛው አይሠራም።

ሁሉም ተነቅሎ ፋኑ አሁንም ከቆመ፣ በፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ ይነቀላል። ያኔ ፋኑ ሳይቆም ከዞረ ሾርቱ ለፕሮሰሰሩ ኃይል በሚያቀርቡት ትራንዚስተሮች አካባቢ ነው፤ ለአሮጌ ማዘርቦርድ ይህ ጥገና ዋጋውን አያወጣም። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ራሙ ወጥቶ ያለ ራም ይበራል። የማዘርቦርዱ ስፒከር ከጮኸ ፕሮሰሰሩ በሕይወት አለ፤ ራሙ ተጠርጎ ይመለሳል፣ ባለ 3 ቮልቷ ባትሪም ወጥታ ትገባለች። በክረምት መብረቅ በስልክና በኔትወርክ ገመድ ስለሚገባ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ የኔትወርክ ቺፑ ብቻ ሲግል ሊገኝ ይችላል። በሚሰካ የኔትወርክ ካርድ ይታለፋል።

ከቃጠሎ የተረፉ ካፓሲተሮች አናታቸው ሳያብጥም ደክመው ሊሆን ስለሚችል ኮምፒውተሩ እንደተነሳ አይሸኝም። ለጥቂት ሰዓታት ከባድ ሥራ እየሠራ 12 ቮልቱ በየጊዜው ይለካል፤ እየሞቀ ሲሄድ ንባቡ እየወረደ ከመጣ ፓወር ሳፕላዩ ይቀየራል።