ማን ወጣ? ማን ገባ?

ጎንደር ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር እንዳየሁት፣ ተማሪን የሚጥለው ረጅሙና ከባዱ ቃል አይደለም። እሱንማ ሸምድዶት ይመጣል። የሚጥለው እንደ «ሰብስቲትዩት» ያለ፣ ትርጉሙን አውቀዋለሁ የሚለው ግስ ነው። መተካት ማለት መሆኑን ማንም አይስትም። የሚያሳስተው የቱ ወጥቶ የቱ እንደገባ ነው።

«ሰብስቲትዩት ባርሊ ፎር ጤፍ» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፍና የቱ እህል ቀረ ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ክፍል «ገብሱ!» ይላል። በአማርኛ ጆሮ ቢሆን ልክ ናቸው፤ «የተሰበረውን በአዲስ ተካ» ስንል «ን»ን የሚይዘው ተሰናባቹ ነው። «ሰብስቲትዩት» ግን ከጎኑ የሚያስቀምጠው ገቢውን ነው፤ ወጪው ከ«ፎር» በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ጤፉን ተወውና በገብስ ጋግር እያለ ነው። ይሄኔ ከደባርቅና ከዳባት የመጡት ይስቃሉ። ገብስ አብቃይ ደጋ ላይ ተቀምጦ ገብሱን ትቶ ጤፍ መግዛት ኪስ አይችለውማ!

«ሪፕሌስ» ለእኛ ይቀርበናል። ወጪውን ያስቀድምና ገቢውን በ«ዊዝ» ያስከትላል፤ «ጤፉን በገብስ ተካ» እንደምንለው። ሰው ሰውን ሲተካም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1632 አፄ ፋሲል አባታቸውን አፄ ሱስንዮስን ተኩ ስንል ባለቤቱ ፋሲል፣ ተሳቢው ሱስንዮስ ናቸው። በ«ሪፕሌስ»ም ያው ነው። በተደራጊ ሲነገር ሱስንዮስ ይቀድማሉ፣ ፋሲል ከ«ባይ» በኋላ ይመጣሉ። ይህን ምሳሌ የምወደው ዙፋኑን ማን እንደለቀቀ ለጎንደር ልጅ መንገር ስለማያስፈልግ ነው፤ ሰዋስዉን በታሪኩ ራሱ ያርማል።

የሚገርመኝ፣ ያው ተማሪ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ሰብስቲትዩት 3 ፎር ኤክስ» ሲባል አይሳሳትም። ኤክስን አጥፍቶ 3ን ያስገባል። ስለዚህ ገብስና ጤፍ ሲምታቱበት ወደ ኤክስ እመልሰዋለሁ፤ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ይሄ ቶሎ ይገባዋል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ኳስ ነው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተጫዋች «ሰብስቲትዩት» ይባላል፤ «ሰብስቲትዩትድ» ሆነ ከተባለ ግን ከሜዳ የወጣው ነው። የፋሲል ከነማ ደጋፊ የሆነ ተማሪ ይህን አንስቶ ቢሞግተኝ መብቱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ራሳቸው «ሰብስቲትዩት»ን ከ«ዊዝ» ጋር አጣምረው ወጪውን ማስቀደም ለምደዋል፤ አንዳንድ መምህራን ስህተት ነው ብለው ቀይ ያሰምሩበታል። እኔ አላሰምርም፤ ሰው የለመደውን በቀይ እስክሪብቶ መመለስ አይቻልም።

የመድኃኒት መመሪያ ወይም ውል በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ግን «ሰብስቲትዩት»ን ተዉት። «ሪፕሌስ» ብላችሁ የሚቀረውን አስቀድሙ፣ የሚገባውን ከ«ዊዝ» በኋላ ጻፉ።