ከበሮን ሳይወጠር መግዛት

የኩባ ኮንጋ ታቹ ክፍት ነው። የሚገዛው ሰው ገልብጦ አንገቱን ያስገባና ሳንቃዎቹ የት የት እንደተጋጠሙ፣ ሙጫው የት እንደሳሳ፣ ስንጥቅ ይኑር አይኑር አይቶ ይወስናል። የአገራችን ከበሮ ይህን ዕድል አይሰጥም። ግራና ቀኝ በቆዳ ተከድኖ፣ በጠፍር ተጠፍሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ በላዩ ጨርቅ ለብሶ ነው ለገበያ የሚቀርበው። አንዴ ከተወጠረ ሆዱን የሚያየው የለም፤ ድምፁ የሚጎላው ግን እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሐረርጌ፣ በጭሮም ሆነ በሒርና፣ በገለምሶም ሆነ በበዴሳ ከበሮ ለመግዛት ያሰበ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ሠሪው ደጅ ነው፤ እሱም ከበሮው ቆዳ ሳይለብስ።

ሠሪውን ማግኘት ራሱ ማፈላለግ ይጠይቃል። በትንንሽ ከተሞች ከበሮ ብቻ ሠርቶ የሚያድር ሰው እምብዛም አይገኝም። ሙቀጫ የሚፈለፍለው፣ በርጩማ የሚጠርበው ሰው ነው ትእዛዝ ሲመጣለት ከበሮም የሚሠራው። ደጁ ላይ ማስታወቂያ አይሰቅልም። ያለበትን የሚያውቁት በሥራው የሚገለገሉት ናቸው፦ የደብሩ መሪጌታና ዲያቆናት፣ መንዙማ ላይ ድቤ የሚመቱት፣ ሠርግ ቤት እጃቸው የተመሰከረላቸው ሴቶች። ሦስቱንም መጠየቅ ይበጃል፤ ሦስቱ የሚፈልጉት ድምፅ አንድ አይደለምና።

የማኅሌት ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭንና ሹል። መቺው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በዝግታ ይጀምርና፣ ጸናጽሉና መቋሚያው እየተከተሉት እያፋጠነው ይሄዳል። ሊቃውንቱ ጠፍሩን በጌታ ገላ ላይ በቀረው የግርፋት ሰንበር ይተረጉሙታል፤ ስለዚህ ለደብር የሚገዛ ሰው ጠፍሩ ተራርቆና ተዛንፎ ቢያገኘው ቅር ይለዋል፤ ቅር መሰኘቱም ተገቢ ነው። ለመንዙማ የሚሆነው ድቤ ደግሞ ሌላ ጠባይ ይፈልጋል። ለረጅም ሰዓት ስለሚመታ መዳፍ የማይጎዳ፣ በቀላል ምት የሚመልስ መሆን አለበት። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐረር ሲዘለቅ የዚክሪው ከበሮ ከረቡ ይባላል፤ ከበል ከሚሉት የእንጨት ማጨብጨቢያ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በመዘገበው የሐረር ሹዋሊድ በዓል ላይም ዋናው ድምፅ ይኸው ነው። የሠርግ ቤት ከበሮ ከሁሉም ያንሳል፤ በብብት ይያዛል ወይም ጭን ላይ ይቀመጣል። እሱ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን ይደበደባል። ጨዋታው አይቋረጥም፣ ነገር ግን ጀሪካን ወፍራምና ቀጭን ለይቶ አይናገርም።

ለከበሮ ከሚመረጡ እንጨቶች ግንባር ቀደሙ ዋንዛ ነው። በጨርጨር ወይና ደጋ የቡና ጥላ ሆኖ በየማሳው ይታያል። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ እንደ ባሕር ዛፍ አይጣመምም። ይህ ጥሩነቱ ግን ጉዳት አምጥቶበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አራት አገር በቀል ዛፎች ውስጥ አስገብቶት ነበር። በመሆኑም «እንጨቱ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ሠሪውን መጠራጠር አይደለም። ከማሳው ላይ ያረጀ ዋንዛ የቆረጠ ገበሬ ማን እንደሆነ ሠሪው ይናገራል፤ የሚያኮራ መልስ ነውና። ካልተናገረ ገዢው ሌላ ደጅ ቢያንኳኳ ይሻለዋል።

ሠሪው ግንዱን የሚፈለፍለው ብዙውን ጊዜ እርጥብ እያለ ነው። ሻካራው ቅርጽ ከወጣ በኋላ ቀፎው ጥላ ቦታ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ይህም ወራት ይፈጃል። ገዢ መድረስ ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ከደረቀ በኋላ፣ ከመወጠሩ በፊት። ቀፎውን አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዙረውና በአንዱ አፍ ይመልከት። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ ብርሃን ያስገባል፣ ጨለማው ላይ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ቀጥሎ የቀፎውን ከንፈር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ዙሪያውን ይዙር። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ከሆነ ቀጭኑ ቀድሞ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ይዘገያል፣ በመካከላቸው እንጨቱ ይቀደዳል። ደግሞ የግንዱን ቀለበቶች ይከተል። ዙሪያውን ከከንፈሩ ጋር አብረው ከዞሩ ሠሪው የግንዱን እምብርት አውጥቶ ጥሎታል ማለት ነው። ቀለበቶቹ አንድ ጎን ላይ ከተሰበሰቡ ግን እምብርቱ ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፤ ስንጥቅ የሚነሳው ከዚያ ነው፣ ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው በጋ።

ውስጡ ላይ የመሮ ዱካ መታየቱ ጉድለት አይደለም። ሆዱ እንደ ሳህን እንዲለሰልስ የሚጠይቅ ገዢ አለ፤ ሠሪውን በከንቱ ማድከም ነው። መፈራት ያለበት መሮው ስቶ ጠልቆ የገባበት ቦታ ነው፤ በተለይም በሰጋቱራና በኮላ ተደፍኖ ከሆነ። በጥፍር ሲጫሩት ይፈረፈራል። እንዲህ ያለው ቀፎ ተወጥሮ ጨርቅ ከለበሰ በኋላ በጣም ያምራል። «በሰው እጅ ያለ ከበሮ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት ለመቺው የተነገረ ቢሆንም ለገዢውም ይሠራል። ቀድሞ የተወጠረ ከበሮ ከመግዛት ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ቢያንስ ጨርቁን ያስከፍት፣ ከበሮውን ጆሮው ሥር ይዞ ይነቅንቅ። ዱቄት የመሰለ ነገር ውስጡ ከተንሸራተተ ነቀዝ ገብቶበታል።

ከእንጨቱ ቀጥሎ ቆዳው። በዚህ በኩል ሐረርጌ የታደለ አገር ነው። ገበሬው አስሮ፣ ከማሽላው ማሳ የነቀለውን እሸት በእጁ እያጎረሰ የሚያደልበው የሐረር ሰንጋ ዝናው አዲስ አበባ ድረስ ነው። የበሬ ቆዳ ለሰፊው አፍና ለጠፍሩ ይሆናል፤ የፍየል ቆዳ ስስ ስለሆነ ቀጭን ድምፅ ለሚፈለግበት ይመረጣል። በቅርብ ዓመታት የቆዳ ዋጋ ወድቆ ከበዓል ማግስት የበግና የፍየል ሌጦ በየመንገዱ ሲጣል ታይቷል። ለከበሮ የሚሆን ቆዳ በነፃ ሲጣል ማየት ያስቆጫል። ሠሪው ግን የተጣለውን ሁሉ አያነሳም። ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቆዳ ላዩ ደህና መስሎ ከሥሩ ቆስሏል፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት የቢላው ጭረት ቦግ ብሎ ይታያል፣ ሲወጠርም የሚበጠሰው በዚያው ነው። ጨው የተነሰነሰበትም ቆዳ በደንብ ካልታጠበ አይሆንም፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ከበሮው ደመና ባየ ቁጥር ድምፁ ይላላል።

ከተቻለ የሚወጠርበትን ቀን መጠየቅና መገኘት ነው። ቆዳው ውኃ ውስጥ አድሮ፣ ፀጉሩ ተፍቆ ይወጣል። ሠሪው አፉ ላይ ከመዘርጋቱ በፊት የእንስሳው አከርካሪ ያለፈበትን መስመር ይፈልጋል። ያ መስመር ከሌላው ስለሚወፍር በትክክል መሐል ላይ ያሳልፈዋል፤ ወደ ጎን ካዘነበለ አንዱ ወገን ተወጥሮ ሌላው ይላላል። ጠፍሩን ከአንድ ቁራጭ ቆዳ ዙሪያውን እየቀደደ ሳይቆራረጥ ያወጣዋል። ከሰፊው አፍ ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡ ወደ ሰፊው እያመላለሰ ይሰፋዋል። መጀመሪያ አያጠብቅም። አንድ ጊዜ ላላ አድርጎ ይዞራል፣ ከዚያ አንዱን ከሳበ በኋላ ትይዩውን፣ እንደገና ጎኑን ከሳበ በኋላ የዚያን ትይዩ። እርጥብ ቆዳ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ሥራውን የሚያጣራው በጆሮው ሳይሆን በመዳፉ ነው፤ ቆዳውን ጫን ጫን እያደረገ እኩል መመለሱን ይለካል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቸኩሎ ፀሐይ ላይ ያወጣው እንደሆነ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል፤ ወይ ቆዳው ይተረተራል፣ ወይ የቀፎው አፍ ይጣመማል።

የአየሩ ነገር በዚህ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ያሳስባል። ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቀዝ ያለች ከተማ ናት፤ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሚኤሶ ሲደርስ ቆላው ይቀበላል። ደጋ ላይ በክረምት የተወጠረ ከበሮ ቆላ ሲወርድ ቆዳው ከሚገባው በላይ ይጠብቃል፣ እንጨቱም እርጥበቱን በድንገት ያጣል። ከበሮው የሚኖርበትን ቦታ ለሠሪው መንገር ስለዚህ ግድ ነው፤ ቆላ የሚሄደውን ትንሽ አላልቶ ይወጥረዋል። ደጋ የሚቀረው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መላላቱ አይቀርም፤ ከመምታት በፊት ፀሐይ ማስመታት ወይም ከፍም ራቅ አድርጎ ማሞቅ ይበቃዋል።

የኮንጋ መቺዎችም ድሮ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ኩባዊው ኮንጋ መቺ ቻኖ ፖዞ በ1947 እ.ኤ.አ. ከጃዝ ሙዚቀኛው ዲዚ ጊሌስፒ ጋር ኒው ዮርክ ላይ ኮንጋን ከጃዝ ባገናኘበት ዘመን ብዙ ኮንጋዎች ቆዳቸው በሚስማር የተመታ ነበር፤ ድምፁ የሚቃናውም በእሳት ነበር። በቡሎን የሚጠብቀው የብረት ቀለበት በኋላ ነው የተስፋፋው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያሳተማቸው ሁለት አልበሞች ያንን የላቲን ምት ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አገናኝተዋል። ይሁን እንጂ ከኩባ መማር ያለብን ዋና ነገር ሳንቃው ይመስላል። ኮንጋ እንደ በርሜል ከተገጣጠሙ ቀጫጭን ሳንቃዎች ስለሚሠራ አንድ ሙሉ ግንድ አይፈልግም። እኛ ግን ለአንድ የማኅሌት ከበሮ ብዙ ዓመት የቆመ ወፍራም ዋንዛ እንጥላለን፣ መሐሉንም ፈልፍለን ለማገዶ እናደርገዋለን። የጭሮ አናጢዎች ሳንቃ መግጠም ያውቃሉ። ከእንጨት ፈልፋዩ ጋር አብረው የከበሮ ቀፎ ቢሞክሩ የሚበጅ ሥራ ይሆናል፤ ድምፁ ይለወጣል የሚል ካለም ጎን ለጎን አስመትቶ መስማት ይቻላል።

ዋጋ ሲነሳ «ኦቦ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» ማለት የገበያ ወግ ነው፤ ሠሪውም ይጠብቀዋል። ነገር ግን ገዢው ክርክሩን ገንዘቡ ላይ ባያደርገው የበለጠ ያተርፋል። የቀፎው ዕድሜ ከተያዘ ከሰው ዕድሜ ይበልጣል፣ ቆዳው ግን በጥቂት ዓመት ይደክማል፤ አይጥ ካገኘችው ደግሞ በአንድ ሌሊት። ስለዚህ መነጋገር የሚሻለው ቆዳው ሲቀደድ በስንት እንደሚታደስ፣ ጠፍሩ ሲላላ ያለ ክፍያ ይጠብቅ እንደሆነ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ ነው። ቀብድ መስጠት ደግሞ ሠሪው እንጨቱን ሳይቸኩል እንዲያደርቅ አቅም ይሰጠዋል፤ እርጥብ ከበሮ የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የቸገረው ሰው ነው።

ጊዜውንም ማስላት አለ። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ የሚፈለግ ከበሮ ኅዳር ላይ ቢታዘዝ የሚገኘው ወይ የቆየ ቀፎ ነው፣ ወይ ያልደረቀ። ግንቦት ላይ ያዘዘ ሰው ቀፎው ክረምቱን ጥላ ውስጥ ያሳልፍለታል፣ በመስከረምና በጥቅምት ደረቅ ነፋስ ይጨርሳል፣ ኅዳር ላይ ሄዶ ቆዳ ሳይለብስ ያየዋል። የመውሊድ ቀን በየዓመቱ ስለሚዞር ለመንዙማ የሚያዝ ሰው ከበዓሉ ወደ ኋላ ስድስት ወር ያህል ቆጥሮ ቢጀምር ይደርሳል።