የበሩ ስፋትና የቤቱ ጥበት፦ ስለ ልዩ ድጋፍና ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መዝለቅ

ለሴቶች፣ ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡና የአካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብን ዝቅ አድርጎ መቀበል ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ዘንድ አዲስ አይደለም። አንደኛው ወገን የትምህርት ጥራት ወደቀ ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ፍትሕ ጎደለ ይላል። በየስብሰባው ከሁለቱም ወገን የሚቀርበውን ሐሳብ ለመረመረ ሰው ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ይታየዋል። ይኸውም ተከራካሪዎቹ ሁሉ የቆሙት በግቢው በር ላይ መሆኑ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር በሚለው ላይ ብዙ ቃል ይባክናል። በኅዳር የገባው ተማሪ በየካቲት የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እንደሚታወቀው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ፈተና ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ ይህም 3.2 በመቶ ነው። አኃዙ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። ለጥራት የሚከራከሩት ወገኖች እነዚህን አኃዞች ይዘው፣ ግማሹን እንኳ ያላመጣ ተማሪ በምን ሥንቅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይከታተላል ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ያልተዘጋጀን ወጣት አስገብቶ በአንድ ወሰነ ትምህርት ማሰናበት ለራሱም፣ ለላከው ቤተሰብም፣ ለመንግሥት በጀትም ጉዳት ነው።

ነገር ግን ይኸው ፈተና ሌላም ነገር ይናገራል። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ቤተ ሙከራ በሌለበትና የፊዚክስ መምህር በዓመቱ አጋማሽ በሚለወጥበት ክፍል ተምሮ 48 ያመጣ ልጅ፣ በከተማ አስጠኚ ተቀጥሮለት 52 ካመጣው ልጅ ያነሰ የመማር ችሎታ አለው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ነጥቡ የልጁ ብቻ አይደለም። የመምህሩም፣ የመጽሐፉም፣ የመንገዱም ርቀት ነጥብ ነው። ጥራትን የሚጠብቁት ወገኖች ይህን ሳይመዝኑ ቁጥሩን ብቻ እንደ ዳኛ ማቆማቸው የክርክራቸው ዋነኛ ድክመት ነው።

ልዩ ድጋፍን የሚደግፉት ወገኖች በበኩላቸው ከዚህ የባሰ ባይሆን እንኳ የማያንስ ስሕተት ይሠራሉ። የሥራቸውን ፍሬ የሚለኩት በገቢው ብዛት ነው። በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሴቶች፣ ይህን ያህል የአርብቶ አደር ልጆች ተቀበልን የሚል ሪፖርት ይቀርባል፤ ጭብጨባም ይከተለዋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ፋኩልቲ በልዩ ድጋፍ 100 ሴት ተማሪዎችን ተቀበለ እንበል። ከመካከላቸው 40ዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ቢሰናበቱና በተከታዩ ዓመት ሌሎች 100 ቢገቡ፣ ሪፖርቱ ሁለት መቶ ገቡ ይላል እንጂ አርባ ወጡ አይልም። ቀደም ባሉት ዓመታት የትምህርት ባለሙያዎች ይህን "ብክነት" ይሉት ነበር። ዛሬ ቃሉ ሻካራ ሆኖ ሳይታይ አልቀረም፤ በምትኩ "ማቋረጥ" የሚለው ለስላሳ ቃል ተለምዷል። ይሁንና ማቋረጥ ጥፋቱን በአቋራጩ ላይ ሲጥል፣ ብክነት አባካኙ ማን እንደሆነ ያስጠይቃል። ስለዚህ አሮጌው ቃል ይሻላል።

የበሩ ቦታ ራሱም ተለውጧል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግማሹን ነጥብ ካላመጡት መካከል ሻል ያለ ውጤት ያላቸው ለአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ ሬሚዲያል ለሚባለው፣ ይመደባሉ። ልዩ ድጋፉም ወደዚያ ምደባ ተዛውሯል። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው በጥቂት ወራት ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ምን ያህል ክፍተት ይሞላል የሚለው ነው። የአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ጉድለት በአራት ወር ማስታወሻ አይደፈንም። ከዚያ ያለፈውም ተማሪ የአንደኛ ዓመቱን የጋራ ትምህርት ሲጀምር "አቅሙ ተሻሽሏል" ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ከዚያ በኋላ የሚከታተለው የለም።

በዚህ ላይ ቋንቋው ይጨመራል። በልዩ ልዩ ክልሎች ተማሪው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል፤ በሁለተኛ ደረጃ ሁሉም ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። መዞሩ በወረቀት ላይ ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአካባቢው ቋንቋ እንደሚያስረዳ የማያውቅ የትምህርት ባለሙያ የለም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን መምህሩ የእርሱን ቋንቋ የማያውቅ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹም ከሌላ አካባቢ የመጡ ይሆናሉ። ተማሪዎች በማዕከል እየተመደቡ ከትውልድ ቀያቸው ርቀው እንዲማሩ መደረጉ የሚያስመሰግን ዓላማ አለው። ከአሳይታ ተነሥታ በደጋ አገር ወዳለ ግቢ ለምትመጣ ልጅ ግን የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ከብርዱ፣ ከምግቡና ከቋንቋው ጋር የምትታገልበት ጊዜ ነው። አማካይ ውጤቷ ግን የሚሰላው ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ነው። የመመረቂያው 2.00 ነጥብ የሚያከማቸው ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጭምር ስለሆነ፣ ከመላመዷ በፊት የጎደለውን ከተላመደች በኋላ ስትከፍል ትኖራለች።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን፣ እንዲሁም የምግብና የመኝታውን ወጪ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እየከፈለ ይመልሳል። ሥርዓቱ በሩን ሳይዘጋ ወጪን ለመጋራት የታሰበ በመሆኑ ከብዙ አገሮች ቀጥተኛ ክፍያ ይሻላል። ዳሩ ግን የሚሸፍነው ክፍል፣ አልጋና ካፌ ነው። የማስታወሻ ኮፒ፣ ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ለበዓል ወደ አገር ቤት መመለሻ፣ ሲታመሙም መድኃኒት በዚያ ውስጥ የሉም። ቤተሰብ የሚልክለት ተማሪ ይህን ሲገዛ አያስተውለውም። የማይላክለት ደግሞ ሞጁሉን ከጓደኛው ተውሶ በሌሊት ያነብባል፤ ወይም "ነን ካፌ" ተመዝግቦ ለምግብ የሚታሰብለትን ጥሬ ገንዘብ ለኮፒ ያውልና አንድ ጊዜ እየበላ ይማራል። እንዲህ ያለውን ተማሪ መምህሩ "በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል" ብሎ ይመዘግበዋል።

ድጋፍ ፈጽሞ አይሰጥም ማለት አይደለም። የማጠናከሪያ ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው ይታወጃል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው የአጋማሽ ፈተና ውጤት ከታወቀ በኋላ፣ በቅዳሜ ከሰዓት፣ "የሴቶች ቱቶሪያል" በሚል ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን አንብባ የምትገባ ልጅ ደካማ ነኝ ብላ በአደባባይ የፈረመች ያህል ይሰማታል፤ ስለዚህ ትቀራለች። በመጨረሻም "ተዘጋጅቶላቸው አልመጡም" የሚል ሪፖርት ይጻፋል። በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት የቆየ ሰው ሊያየው የሚገባው ጉድለት ይህ ነው፦ ድጋፉ ከትምህርቱ ውጭ የተለጠፈ ተቀጥላ ሆኗል። በዋናው የክፍል ሰዓት ውስጥ፣ ለሁሉም ተማሪ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በትንንሽ ቡድን የሚሰጥ መልመጃ ቢሆን ኖሮ ማንም አያፍርበትም፤ በከተማ የተማረውም ይጠቀምበታል።

የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ከተካተቱት ኮርሶች አንዱ ስለ አካታችነት የሚያስተምር ነው። ይህ መልካም ነው። ሞጁሉ በብሬል ወይም በድምፅ ካልተዘጋጀ ግን ዓይነ ስውሩ ተማሪ ስለ አካታችነት የሚያውቀው ጓደኛው ጊዜ አግኝቶ ሲያነብለት ነው። የፈተናውም ቀን እንደዚሁ በአንባቢ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ኮርሱን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን ያልተረዱ አይመስልም፤ ኮርስ መጻፍና ግቢን ማስተካከል በሁለት የተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠራ በመሆኑ እንጂ።

ልዩ ድጋፉ በምድብ ላይ ብቻ መቆሙም ያስተቻል። በአንድ ታዳጊ ክልል ርእሰ ከተማ የምትኖር የባለ ሀብት ልጅና በዚያው ክልል ከብት ስትጠብቅ ያደገች ልጅ በአንድ ዝቅተኛ ነጥብ ይገባሉ። በሌላው ክልል በቆላ ወረዳ ሁለት ሰዓት በእግሩ እየተመላለሰ የተማረ የድኻ ገበሬ ልጅ ደግሞ በምድቡ ስለሌለ ምንም አያገኝም። የልዩ ድጋፍ ተቃዋሚዎች ይህን ጉድለት አንሥተው ድጋፉ ይቅር ይላሉ። ጉድለቱ ግን ድጋፉን ለማስቀረት በቂ ምክንያት አይሆንም። በምድቡ ላይ የቤተሰብ ገቢና የመጣበት ትምህርት ቤት ሁኔታ እንዲጨመር ያስገድዳል። መረጃው ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ስም በእያንዳንዱ ተማሪ የምዝገባ ወረቀት ላይ ተጽፏል።

በዚህ ረገድ የሌላ አገር ልምድ ማየት ሳይጠቅም አይቀርም። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የሚገኘው መንግሥታዊው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተማሪዎቹ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚያስመርቀው 32 በመቶውን ብቻ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ከወሰደ ሥራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ይህ ወደ 54 በመቶ ከፍ አለ። ጥቁሮቹና ከድኻ ቤተሰብ የመጡት ተማሪዎችም ከሌሎቹ ባላነሰ መጠን መመረቅ ጀመሩ። ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ፣ ትንሽ ዕዳ ቀርቶባቸው ከምዝገባ ሊሰረዙ ለደረሱ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአማካይ ከአንድ ሺህ ዶላር ያነሰ ዕርዳታ መስጠት ነው። የተማሪዎችንም ውጤት በየጊዜው እየተከታተለ፣ ምልክት ሲታይ አማካሪ ወዲያው እንዲያነጋግራቸው አድርጓል። የዚያ አገር ችግር ከዚህኛው ጋር አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ ሀብቱም አይወዳደርም። ትምህርት የሚሆነው ነገር የዕርዳታው ማነስና የጊዜው ትክክለኛነት ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው በትልቅ ገደል ላይ ሳይሆን በትንሽ ጉድባ ላይ ስለሆነ፣ ገንዘቡ በሰዓቱ ከደረሰ ትንሹ ይበቃል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። በ1987 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ አዲስ አበባና ዓለማያ፣ ብቻ ነበሩ፤ አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 ይበልጣሉ። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ጸድቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ወደዚሁ አሠራር ገብቷል። ራሱን የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ገቢውን ከክፍያ መፈለጉ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚለው ቃል፣ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ለውጭ አገር ትምህርት ሲነገር የቆየው፣ በአገር ውስጥም እውነተኛ ትርጉም ያገኛል። ዕድሉ ለማን፣ በምን መስፈርት፣ ለስንት ዓመት ይሰጣል? አንድ ወሰነ ትምህርት የወደቀ ተማሪ ዕድሉን ወዲያው ይነጠቃል ወይስ ጊዜ ይሰጠዋል? ከወዲሁ ተጽፎ ካልተቀመጠ መልሱን የሚሰጠው የገንዘብ ቤቱ ሠራተኛ ነው።

ለጊዜው ግን ወጪ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ተማሪ ግቢውን ሲለቅ ክሊራንስ የሚባል ቅጽ ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መመለሱን፣ የመኝታ ክፍል ኀላፊው ፍራሽና ቁልፍ ማስረከቡን፣ ካፌው መታወቂያውን፣ ስፖርት ክፍሉም ትጥቁን አይተው ይፈርማሉ። ስለ ንብረቱ ሁሉም ይጠይቁታል፤ ስለ ራሱ የሚጠይቀው ማንም የለም። በዚያው ቅጽ ላይ ለምን ትሄዳለህ፣ ለምንስ ትሄጃለሽ የሚል አንድ መስመር ቢጨመርና ሬጅስትራሩ መልሱን ከጾታ፣ ከትምህርት ቤትና ከመግቢያ ነጥብ ጋር አዛምዶ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለየትምህርት ክፍሉ ቢልክ፣ የመስከረሙ የአንደኛ ዓመት የክፍል ድልድል ሲወጣ በጠረጴዛው ላይ ይገኛል።