ብቸኛ ቍጥርን መመርመርና ጊዜን መለካት፤ ስለ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ልምምዶች የቀረበ ሒስ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ሰው ሁለት ዐይነት ዕውቀት ያስፈልገዋል። አንደኛው ፕሮግራሙ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ መሆኑን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው መልሱ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ መገመትና ግምቱን በመለኪያ መፈተን ነው። ይህን ሁለተኛውን ለማስተማር ከተዘጋጁትና በሰፊው ከታወቁት መካከል አንዱ፣ ሃሮልድ አቤልሰንና ጄራልድ ጄይ ሳስማን ከጁሊ ሳስማን ጋር የጻፉት «የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አወቃቀርና አተረጓጐም» የተባለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1985 ታተመ፤ ሁለተኛው እትም በ1996 ወጣ። እኛ እዚህ የምንመረምረው መጽሐፉን በሙሉ ሳይሆን፣ በሁለተኛው እትም በመጀመሪያው ምዕራፍ ከቍጥር 1.22 እስከ 1.28 ያሉትን ልምምዶች ብቻ ነው።

ብቸኛ ቍጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱም በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቍጥር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ፕሮግራም ቍጥሩን በ2፣ በ3፣ በ4 እያለ በተራ ያካፍላል፤ አካፋዩ በራሱ ተባዝቶ ከቍጥሩ ሲበልጥ ያቆማል። አንድ ቍጥር የሁለት ቍጥሮች ብዜት ከሆነ፣ ከሁለቱ ያነሰው ከቍጥሩ ዳግም ዘር ሊበልጥ አይችልምና። ስለዚህ 1,009ን ለመመርመር 30 ጊዜ ማካፈል ይበቃል፤ ለ1,000,003 ግን 999 ጊዜ ያስፈልጋል። ልምምድ 1.22 ተማሪው ከ1,000፣ ከ10,000፣ ከ100,000ና ከ1,000,000 በላይ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሦስት ብቸኛ ቍጥሮች ፈልጎ፣ ለእያንዳንዱ የፈጀውን ጊዜ እንዲለካ ያዛል። ቍጥሩ 10 እጥፍ ባደገ ቍጥር ጊዜው 3.16 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት።

ከሁሉ አስቀድመን ምስጋና የሚገባውን እናመስግን። ደራሲዎቹ ተማሪውን በመጀመሪያ እንዲተነብይ፣ ከዚያ በኋላ እንዲለካ ያደርጉታል። በልምምድ 1.23 ከ2 በቀር ጥንድ አካፋዮችን ሁሉ እንዲዘል ይነግሩታል፤ የ1,000,003 ምርመራም ከ999 ወደ 500 ማካፈል ይወርዳል። ጊዜው በግማሽ መቀነስ ነበረበት፤ በመለኪያ የሚገኘው ጥቅም ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል፤ በየእርምጃው «አካፋዩ 2 ነውን?» የሚል ተጨማሪ ጥያቄ ገብቷልና፣ መጠየቅም ዋጋ አለው። መጽሐፉ ይህን ልዩነት ተማሪው ራሱ እንዲያብራራ ይጠይቃል። በወረቀት የተቈጠረውና በሰዓት የተለካው ሲለያዩ፣ ልዩነቱ ራሱ ትምህርት መሆኑን ማሳየት ታላቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት ነቀፌታዎች አሉን።

አንደኛ፣ የተመረጡት ቍጥሮች ዘመን አልፎባቸዋል። ዛሬ በተማሪ እጅ የሚገኝ ኮምፒዩተር በአንድ ሰከንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ያካፍላል። ሰከንድን በመቶ ከፍሎ በሚቈጥር ሰዓት 999 ማካፈልን ለመለካት መሞከር፣ ጤፍን በኩንታል ሚዛን አንዲት በአንዲት እንደ መመዘን ነው። ተማሪው የሚያየው የ0 ረድፍ ነው፤ አልፎ አልፎም ሰዓቱ በመካከል ሲዘል 0.01 ብቅ ይላል። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዳግም ዘር ሕግ የሚናገር ሰው፣ ያየውን ሳይሆን የተነገረውን ይጽፋል። በሳይንስ ትምህርት ከዚህ የባሰ ልማድ የለም።

ሁለተኛ፣ የመለኪያው ፕሮግራም ጊዜውን የሚያሳየው ቍጥሩ ብቸኛ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ሌላውን ቍጥር ስሙን ጽፎ ያልፈዋል። ስለ ሆነም ተማሪው ምርመራ ሁልጊዜ እስከ ዳግም ዘር የሚዘልቅ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ከቍጥሮች ሁሉ እኩሌታው በመጀመሪያው ማካፈል፣ ከቀሩትም ሲሶው በሁለተኛው ይወድቃሉ። ብቸኛ ቍጥር እጅግ ከባዱ ጉዳይ ነው። ከባዱን ብቻ የለካ ሰው፣ የአብዛኛውን ጠባይ ዐወቅሁ ሊል አይገባውም።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ የልምምዶቹ ቅደም ተከተል ነው። ልምምድ 1.24 በፌርማ ሕግ የሚሠራውን ፈጣን ፕሮግራም ያስለካል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ አንድ ቍጥር ብቸኛ ከሆነ፣ ከእርሱ የሚያንስ ማንኛውም ቍጥር እርሱን ያህል ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በእርሱ ሲካፈል፣ ቀሪው ያው የተባዛው ቍጥር ይሆናል። ስሌቱ የሚሄደው ርቢውን እያጋመሰ ነው፤ ይህም አንዱን እያጋመሱ ሌላውን በእጥፍ እያሳደጉ ከማባዛት፣ በውጭ መጻሕፍት አንዳንድ ጊዜ «የኢትዮጵያ ማባዛት» ከሚባለው ዘዴ ጋር ዝምድና አለው። ስለዚህ ከ1,009 ወደ 1,000,003 ስንሄድ ሥራው የሚያድገው ሁለት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ተማሪው በፍጥነቱ ይደነቃል። ነገር ግን 561 የ3፣ የ11ና የ17 ብዜት ሲሆን፣ በማንኛውም ቍጥር ቢፈተን ይህን የፌርማ ፈተና ያልፋል። ዘገምተኛው ፕሮግራም ያንኑ ቍጥር በሁለተኛው ማካፈል ያጋልጠዋል። ደራሲዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ ካርማይክል ስለሚባሉት አታላይ ቍጥሮች በግርጌ ማስታወሻ ተናግረዋል፤ በልምምድ 1.27 ያስፈትኗቸዋል፤ በ1.28ም የማይታለለውን የሚለርና የራቢን ዘዴ ያመጣሉ። ሆኖም ፍጥነት ቀድሞ ተመስግኖ፣ ትክክለኛነት በኋላ ሲጠየቅ፣ በተማሪው ልብ የሚቀረው የቀደመው ነው።

ምናልባት አንዳንዶች «ቍጥሮቹን መለወጥ የመምህሩ ፈንታ ነው» ይሉ ይሆናል። መልካም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ያለ መምህር የሚያነብ ብዙ ነው፤ እርሱም 0 ባየ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይሁን የሰዓቱ የሚነግረው የለም።

እንግዲህ ልምምዶቹን ለሚሠራም ለሚያስተምርም የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። 31,621 ማካፈል የሚጠይቀው 1,000,000,007ና 999,999 የሚጠይቀው 1,000,000,000,039 ይጨመሩ፤ እያንዳንዱም ምርመራ ደጋግሞ ተለክቶ ትንሹ ጊዜ ይያዝ። ከሰዓቱ ጐን የማካፈሉን ብዛት የሚቈጥር መቍጠሪያ ይቁም፤ ሰዓት ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል፤ ቈጠራው ግን አይለወጥም። ፈጣኑ ፕሮግራምም ጊዜው ከመለካቱ በፊት በ561 ይፈተን። የመልስ ፍጥነት ዋጋ የሚኖረው መልሱ ሊታመን የሚችልበት መጠን ከታወቀ በኋላ ነውና።