«ደብል ጋቢና» ወይስ «ባለ ሁለት ጋቢና»? ስለ አንድ ተሽከርካሪ ስያሜ የቀረበ ሂስ

የስያሜ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው በጽሕፈት ቤት ነው። ስያሜው የሚፈተነው ግን ነገሩ በሚውልበት ቦታ ነው። ይህ አጭር ሂስ የሚመረምረው በጨረታ ማስታወቂያና በግዢ ሰነድ «ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ» እየተባለ የሚጻፈውን ስያሜና ተጓዳኝ ቃላቱን ነው። መፈተኛ ቦታው ቆቦና የራያ ቆላ ነው።

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ያቀፉት ሜዳ ማሽላና ጤፍ፣ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል። እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉ ወንዞች ከደጋው አሸዋ ይዘው ወርደው በሜዳው ላይ ይበትኑታል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደራሽ ጎርፍ ያመጣሉ። ስለሆነም ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ እርሻ የሚዘልቅ ሰው መኪና ሲመርጥ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ አሸዋና ጭቃ ይወጣል ወይ? ስንት ሰው ይይዛል? ምን ያህል ይጭናል? ስያሜው ለእነዚህ ጥያቄዎች ፍንጭ የማይሰጥ ወይም የሚያሳስት ከሆነ ጉዳቱ በገዢው ላይ ይወድቃል።

፩. ጋቢና

ጋቢና እንደ ካሶኒ፣ እንደ ፍሬንና እንደ ላሜራ ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ የሙያ ቃል ነው። በአማርኛ ግን የራሱን ትርጉም አብጅቷል። ተሳፋሪ «ጋቢና ግባ» ሲባል ከሾፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ ይረዳል። እንግዲህ «ባለ ሁለት ጋቢና» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሁለት የፊት ክፍል ያለው መኪና ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና የለም። ያለው አንድ ጋቢና ነው፤ በውስጡ ሁለት ረድፍ መቀመጫ አለ።

«ደብል ጋቢና» የሚለው የገበያ አነጋገር ይህ ችግር የለበትም። «ደብል» በአማርኛ እንደ ቁጥር አይተነተንም፤ ከተከታዩ ቃል ጋር ተጣብቆ የዓይነት መጠሪያ ሆኗል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ግማሹ ተተርጉሞ ግማሹ የቀረ ስያሜ ሙሉ በሙሉ ከተዋሰው ቃል ይልቅ ሊያሳስት ይችላል።

ከዚህም በላይ «ሁለት» የሚለው ቁጥር ትርፉን ብቻ ያሳያል፤ ጉድለቱን ይሸሽጋል። የኋለኛው ረድፍ ቦታ የሚያገኘው ከካሶኒው ተቀንሶ ነው። በተለመደው መካከለኛ ፒክአፕ የባለ አንድ ረድፉ ካሶኒ ርዝመት 2.3 ሜትር ገደማ ሲሆን የባለ ሁለት ረድፉ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የሽንኩርት ጆንያ ለሚጭን ገበሬ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

፪. ባለ አራት ጎማ

ተርጓሚ የባዕዱን ሐረግ ሲያሳጥር «ባለ አራት ጎማ» ብሎ ቢጽፍ ከጋሪና ከባጃጅ በስተቀር መኪናን ሁሉ ጠቅሷል ማለት ነው። የጎደለው ጽንሰ ሐሳብ የጎማው ብዛት ሳይሆን የሞተሩ ኃይል የሚደርሰው ወደ ስንቱ ጎማ ነው የሚለው ነው። በዚህ ረገድ የመኪናው ምልክት ዋስትና አይሆንም። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ የሚሄድ መኪና ነበር፤ አራቱንም የሚነዳው ዓይነት የተጨመረው ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። ዛሬም በሁለቱም ዓይነት ይሠራል። በሰነዱ ላይ «ባለ አራት ጎማ» ብሎ ያዘዘ ገዢ ሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ቢቀርብለት በቃሉ ሊከራከር አይችልም፤ መኪናው ግን ከወንዙ አሸዋ አይወጣም። ባዶውን ስፍራ አንዲት ቃል ትሞላዋለች፤ «ባለ አራት ነጂ ጎማ» ይባል።

፫. ካሶኒ

አውስትራሊያውያን የኋላውን ሣጥን አንሥተው በምትኩ ጠፍጣፋ መጫኛ የሚገጠምበትን መኪና በትሪ ይመስሉታል። ይህን ቃል በቃል «ባለ ትሪ ጀርባ» ብሎ መተርጐም የአማርኛ አንባቢን ወደ ቡና ቤት መላክ ነው። ጋራዡ ካሶኒ የሚል ቃል ስላለው አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ መለየት ብቻ ይበቃል። ከጋቢናው ጋር ተመሳስሎ ከፋብሪካ የወጣውን «ሣጥን ካሶኒ»፣ ጎኖቹ የሚዘረጉትን ጠፍጣፋውን ደግሞ «ዝርግ ካሶኒ» ብንላቸው ላሜራ ቀጥቃጩም ተርጓሚውም ይግባባሉ።

፬. ማሻሻል ወይስ መለወጥ?

መኪና ሲለወጥ ብዙ ጊዜ «ተሻሻለ» ይባላል። ማሻሻል ግን የተሻለ ማድረግ ነው፤ ሥራው ሳይመረመር ምስጋናውን ያስቀድማል። በአጭር ሻንሲ ላይ ረጅም ዝርግ ካሶኒ ቢበየድ ጭነቱ ከኋላ ጎማዎች አልፎ ይንጠለጠላል፤ የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፤ መሪውም ይሳሳል። ይህ ለውጥ እንጂ መሻሻል አይደለም። ስለሆነም በሰነድ «የአካል ለውጥ» ማለት ይገባል።

ሕዝቡ ለተለወጠ መኪና ስም በማውጣት ከእኛ ቀድሟል። በፒክአፕ ካሶኒ ላይ ጣሪያ ተሠርቶ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተገጥሞ ሰው ማመላለስ ሲጀምር፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከተስፋፋው የውይይት መድረክ ተወስዶ «ውይይት» ተባለ። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ጋራዥ የተሠራው አውቶቡስም «ቅጥቅጥ» ተባለ። ታይላንዳውያን እንደ ውይይት ያለውን መኪና ሶንግቴው ይሉታል፤ ትርጉሙ ሁለት ረድፍ ነው። እነርሱ ወንበሩን፣ እኛ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይተን ሰይመናል። ሁለቱም ስያሜዎች ነገሩን በሥራው ስለሚያሳዩ ሠምረዋል።

ወንበር ስም ብቻ ሳይሆን ቀረጥም ይለውጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ትጥላለች። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሱባሩ ብራት የተባለው ትንሽ ፒክአፕ በካሶኒው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ተገጥመውለት የሰው መኪና ተብሎ ገባ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብም በዋናነት ለሰው የተሠራ አውቶሞቢል በቁጥር 8703፣ ለዕቃ የተሠራው በቁጥር 8704 ይመደባል። ደብል ጋቢና በሁለቱ ድንበር ላይ የቆመ መኪና ነው። እንዲህ ላለው ነገር የሚሰጠው ስያሜ ግልጽ ካልሆነ ክርክሩ ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ ወደ ችሎት ይሄዳል።

ማጠቃለያ

ይህ ሂስ የገበያውን ቃል ለመሻር አልተነሣም። «ደብል ጋቢና» በመዝገበ ቃላት እንደ ተለመደ ቃል ይግባ፤ ፍችውም «አንድ ጋቢና፣ ሁለት ረድፍ መቀመጫና አጭር ካሶኒ ያለው ፒክአፕ» ይሁን። የሚተወው «ባለ ሁለት ጋቢና» ነው። ለሕጋዊ ሰነድ «ባለ ሁለት ረድፍ ጋቢና፣ ባለ አራት ነጂ ጎማ፣ ዝርግ ካሶኒ» ተብሎ ቢጻፍና የካሶኒው ርዝመት በሜትር፣ የመጫን አቅሙ በኩንታል ቢጠቀስ ይረዝማል፤ ነገር ግን ከላይ የተነሡትን ሦስት ጥያቄዎች በሙሉ ይመልሳል። የቆቦ ገበሬ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ የሚገባውን ከሰነዱ ላይ ካነበበ፣ የስያሜ ሠራተኛው ድርሻውን ተወጥቷል።